አርባ ስምንት ሜትር

ዶክተሩ ጆሮዬን በብርሃን አየና
መነጽሩን አውልቆ ጠረገ እንደገና፤
«ካፒቴን ኦያርሱን፣ ሚዛኑ ተዛብቷል፣
ውስጠኛው ጆሮህ ነው አደራውን በልቷል።»
ሃያ ሁለት ዓመት የያዝኩትን ፈቃድ
ጠረጴዛው ላይ ጥዬ ተነሣሁ ለመሄድ፣
የሆቴል ክፍል ቁልፍ እንደሚመልስ ሰው፤
ደረጃውን ስወርድ ምርኩዜ ግድግዳው።

ሚስቴ ኖልፋ ሰምታ እንባ አላወጣችም፤
ወረቀት አመጣች፣ ፋታም አልሰጠችም።
«ከመብረር በስተቀር የምታውቀው ምን አለ?
ጻፈው አንድ ባንድ፣ እጅህ ቢዋልልም እየዋለለ።»

ጻፍኩኝ፦
ደመናን ከሩቁ ማንበብ እችላለሁ፤
ነዳጅን በጠብታ መመጠን አውቃለሁ፤
አንዱ ሞተር ሲያስል፣ መቶ ሰማንያ ሰው እንቅልፉን ሳይተው
«ትንሽ መናወጥ ነው» ማለት፣ በለስላሳ ድምፅ፣ እንደ ዘይት በሚፈሰው፤
ሌሊቱን በሙሉ ዓይን ሳይከድኑ መቀመጥ፣ መቀመጥ…
ኖልፋ አንብባ ሳቀች፤ «አንተስ ይወጣሃል ጥሩ ዘበኛ!»
እኔም ሳቅኩኝ። ያን ሌሊት ግን ማን ተኛ?

ቤት ደላላ ሆንኩኝ። ለመጀመሪያዋ ደንበኛ
ከመነሣት በፊት እንደሚፈተሽ ሞተር ቤቱን ፈተሽኩላት፦
«ጣሪያው ያፈሳል፤ ቧንቧው ዝጓል፤ ይቺ ግድግዳ ዘማለች።»
ሴትዮዋ አመሰገነች። በማግስቱ
ጠረጴዛዬ የሌላ ሰው ነበረች።

ሒሳብ አስተማርኩኝ፤ ነፋስ በጎን ሲመታ ማዕዘኑ እንዴት እንደሚሰላ፤
ልጆቹ ግን ማለዳ ማለዳ
«ተከስክሰህ ታውቃለህ?» እንጂ አይጠይቁኝ ሌላ።

ዳቦ አከፋፈልኩኝ በሌሊት፤ ሦስተኛው መጠምዘዣ ላይ
ከተማው ተገለበጠ፣ ባሕሩ ሆነ ከላይ፤
ሦስት መቶ ዳቦ አስፋልቱን አለበሰው፤
የቫልፓራይሶ ውሾች ያን ቀን ሠርግ ነበራቸው።

ሌሎቹስ? ፊደንሲዮ፣ ረዳቴ የነበረው፣
የቀብር ማስፈጸሚያ ከፍቷል፤
«መንገደኛዬ አያማርር፣ ዘገየህም አይለኝ» ይላል፣ ሲጠይቀው ሰው።
ኢሶልዲና ከጥርስ ሐኪም ዘንድ ተቀጥራ
«አፍዎን ይክፈቱ» ትላለች፣ ከማማው ጋር እንደምታወራ።

እኔን ግን ገመድ አገኘኝ።
አሮጌ የእንጨት ሳጥን፣ ከወደቡ ሥር እስከ ኮረብታው አናት
በሐዲድ ላይ የሚሳብ፣ ቅድመ አያቶች የሠሩት፤
አርባ ስምንት ሜትር ወደ ላይ፣ አርባ ስምንት ወደ ታች፤
አይጠመዘዝም፣ አያጋድልም። ጆሮዬ ዝም አለች።

መጀመሪያ አፈርኩኝ፤ የሚያውቀኝ እንዳያይ
ኮፍያዬን ዓይኔ ድረስ ሳብኩት፣ አውሮፕላን ሲያልፍ በላይ።
አሁን ግን ድምፁን ስሰማ፣ ቀና ሳልል፣ ገመዱን አያለሁ፤
የሳሳች ክር ካለች በጣቴ እዳስሳለሁ።
የሚንጠለጠለው ሰው ቁጥሩ ቢያንስም
መውደቅ እንደሆነ ሳንቲም አይቀንስም።

ዛሬ ከባሕር ጉም ወጣ፤ መርከቦቹ ጠፉ፣ የታችኛው በር ጠፋ።
ሦስት ነን፦ እኔ፣ አንድ ውሻ፣ ዶኛ ኡርሲና ከነዓሣዋ።
መሐል ላይ ስንደርስ አሮጌው ምላሴ አመለጠኝ፦
«ክቡራን መንገደኞች፣ ከፍታችን ሃያ አራት ሜትር ነው፤
ነፋሱ ከምዕራብ፤ መድረሻችን ላይ
የታጠበ አንሶላ ገመድ ላይ ይታያል፤
ትንሽ መናወጥ ይኖራል።»

ውሻው ጆሮውን አቆመ።
ዶኛ ኡርሲና አልሳቀችም፤
የዓሣ ከረጢቷን ማንገቻ በወገቧ ዙሪያ አዙራ
ጠበቅ አደረገችው።